ቆጣሪው ምን ይላል? ለድሬ ሰው የመብራት ቢል መመሪያ

ግንቦት ድሬ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ለከዚራና ለመጋላ ሰው አይነገርም። ሌሊቱ እንኳ አይበርድም። ቬንትሌተሩ እስኪነጋ ይሽከረከራል። ፍሪጁ ያለ ዕረፍት ያጉረመርማል። ልጆች ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ በሩን ከፍተው ፊቱ ይገተራሉ። ሰኔ ላይ ቢሉ ይመጣና ቤተሰብ ይጣላል። "ኤሲውን ማን ነው እንዲህ ያበራው?" "እኔ አይደለሁም፣ ያንተ ካውያ ነው!"

እኔም ለዓመታት ቢል የምጠብቀው እንደ ሎተሪ ነበር። ዛሬ ግን ቢሉ ከመድረሱ በፊት ስንት እንደሚመጣ በግምት አውቀዋለሁ። ከቆጣሪው ቁጥር ማንበብና ሁለት ቁጥር መቀነስ እንጂ ሌላ ጥበብ የለውም። አቅርቡ የምትባሉት ማስረጃ፣ ከአከራይ ጋር የምታደርጉት ክርክር፣ ኤሲ ልግዛ አልግዛ የሚለው ሐሳብ፣ ሁሉም የሚቆመው በዚያች ቁጥር ላይ ነው። ስለዚህ እንጀምር።

1. ከማን ጋር እንደምትነጋገሩ ለዩ

ሁላችንም "መብራት ኃይል" እንላለን። በስሙ የሚጠራ መሥሪያ ቤት ግን ዛሬ የለም። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ግድቦቹንና ከፍተኛውን መስመር ይዟል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ከሰፈር ምሰሶ እስከ ቆጣሪያችሁ ያለውን ይዟል፤ ቢል የሚልከውም፣ ገንዘብ የሚሰበስበውም፣ ቅሬታ የሚሰማውም እሱ ነው። ጉዳያችሁ ያለው ከሁለተኛው ጋር ነው።

እግረ መንገዴን፦ ሰፈር መብራት ሲጠፋ "ለጅቡቲ ሸጠውት ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። ወደ ጅቡቲ ኃይል የሚወስደው መስመር በእርግጥም በድሬ በኩል ነው የሚያልፈው። ግን የእናንተ መንደር ጠፍቶ ማዶ ያለው ሰፈር ቦግ ብሎ ከበራ፣ ችግሩ ከትራንስፎርመሩ ወይም ከሰፈሩ ሽቦ ነው። ጅቡቲ ምንም አላደረገችም።

ከአሮጌ ቢል ወይም ከክፍያ ደረሰኝ ላይ ሁለት ነገር ፈልጋችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ የደንበኛ ወይም የውል ቁጥራችሁንና የቆጣሪውን ቁጥር። ቆጣሪው ፊት ላይ የተጻፈው ቁጥርና ቢሉ ላይ ያለው አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ቆጣሪ በአንድ ግድግዳ ላይ በተደረደረበት ግቢ የጎረቤትን ቢል ሲከፍሉ መኖር ቀልድ አይደለም።

2. ቆጣሪውን አንብቡ

ሁለት ዓይነት ቆጣሪ አለ። አንዱ ተጠቅማችሁ በኋላ የምትከፍሉበት ነው፤ ድህረ ክፍያ ይሉታል። ሌላው አስቀድማችሁ የምትሞሉት ነው፤ ወግ ባለው አጠራር ቅድመ ክፍያ፣ በሰፈር ቋንቋ "ካርድ"።

ድህረ ክፍያ ከሆነ መስኮቱ ላይ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። ዲጂታል ቆጣሪ በየጥቂት ሰከንዱ ገጽ ይቀያይራል፤ ቀን ያሳያል፣ ሰዓት ያሳያል፣ ሌላም ያሳያል። የምትፈልጉት አጠገቡ የኪሎ ዋት ሰዓት (kWh፣ የመብራት ፍጆታ መለኪያው) ምልክት ያለበትን ነው። ዲስኩ የሚዞረው አሮጌ ቆጣሪ ከሆነ በቀይ የተለየችውን የመጨረሻ አኃዝ ተዉአት። እሷ ከነጥብ በኋላ ያለች ቁጥር ናት። እሷን ጨምሮ ያነበበ ሰው 4178ን 41 ሺህ አድርጎ ይደነግጣል።

በስልክ ፎቶ አንሱ። በወር አንዴ ይበቃል፤ ቀኑ ግን ሁልጊዜ አንድ ይሁን። እኔ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ነው የማነሳው። ፎቶው ራሱ ቀኑን ይይዛል፣ ስለዚህ ደብተር ባይኖራችሁም ችግር የለም። ከዛሬው ላይ ያለፈውን ወር ስትቀንሱ የቀረው የወሩ ፍጆታችሁ ነው። ባለፈው 4178፣ በዚህ ወር 4331 ከሆነ 153 ኪሎ ዋት ሰዓት በልታችኋል ማለት ነው።

ቅድመ ክፍያ ላላችሁ ደግሞ ቆጣሪው የቀረላችሁን ያሳያል። ሰኞ ጠዋት የነበረውን ከሚቀጥለው ሰኞ ጋር አስተያዩ። በሳምንት ስንት እንደሚሄድ ካወቃችሁ፣ ሌሊት በሙቀት መሃል ድርግም ብሎባችሁ ጨለማ ውስጥ የሙሌቱን 20 አኃዝ ከመምታት ትድናላችሁ።

3. ቢሉን ከፎቷችሁ ጋር አስተያዩ

ቢሉ ላይ ብዙ መስመር አለ። መጀመሪያ ሁለቱን ንባቦች ብቻ ፈልጉ፤ ያለፈውንና የአሁኑን። የአሁኑ ንባብ ዛሬ ቆጣሪው ላይ ካለው የሚበልጥ ከሆነ ስህተት አለ። ቆጣሪ ወደ ኋላ አይሄድማ። 4178 ተብሎ መጻፍ ያለበት 4718 ተብሎ ቢሰፍር የሁለት አኃዝ ቦታ መለዋወጥ ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ግን 540 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የወር አስቤዛ ይበላል።

ቀጥሎ ውዝፍ የሚለውን እዩ። ብዙ ጊዜ "ቢሉ እጥፍ መጣ" የሚያሰኘው ያልተከፈለ ያለፈ ወር ነው። ከከፈላችሁትና አሁንም ውዝፍ ሆኖ ከመጣ ደረሰኙን ይዛችሁ ሂዱ።

ሌላው የቀናት ጉዳይ ነው። ቆጣሪ አንባቢው በሩ ተዘግቶበት ከተመለሰ ንባቡ በግምት ሊሞላ ይችላል። ወይም የ30 ቀኑ ንባብ 40 ቀን ይሆናል። ይህ ተራ ነገር ይመስላል። አይደለም። ምክንያቱ የሚቀጥለው ነው።

4. የእርከኑን ነገር በደንብ ያዙት

የመኖሪያ ቤት መብራት ዋጋ አንድ አይደለም። በእርከን ነው የሚሄደው፤ ድንበሮቹ 50፣ 100፣ 200፣ 300፣ 400 እና 500 ኪሎ ዋት ሰዓት ናቸው። ብዙ የተጠቀመ፣ ለእያንዳንዷ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍለውም ይበዛል። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ እንድታዩት፦ ከመስከረም 2017 በፊት በነበረው ታሪፍ የዝቅተኛው እርከን ዋጋ ለአንዱ 27 ሳንቲም ገደማ ነበር። ከ500 በላይ ያለው 2 ብር ከ48 ሳንቲም። ዘጠኝ እጥፍ! ያው አንድ ዓይነት መብራት ነው፣ በአንድ ሽቦ የመጣ።

ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተደርጓል። ስለዚህ ፍጆታችሁ ሳይጨምር ብሩ ቢጨምር ቆጣሪው ተበላሽቷል ብላችሁ አትሩጡ። በኪሎ ዋት ሰዓት አስተያዩ እንጂ በብር አታስተያዩ። የዛሬውን ዋጋ ከጎረቤት አፍ ሳይሆን ከራሳችሁ ቢል አውጡት፤ የፍጆታውን ሒሳብ ለተጠቀማችሁት ኪሎ ዋት ሰዓት አካፍሉት። ያ ነው የእናንተ አማካይ ዋጋ። ይህን ቁጥር ወደ ታች ለአከራይና ተከራይ ጉዳይ እንፈልገዋለን።

በዚህ ላይ በወር ከ200 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለፈ ቤት 15 በመቶ ቫት ይመጣበታል። 200ን እንደ ደቻቱ ወንዝ ቁጠሩት። ደረቅ ሲሆን ዝም ብሎ የሚሻገሩት ይመስላል፤ ጎርፍ ሲመጣ ግን ያስከፍላል።

አሁን ወደ 40 ቀኑ ንባብ እንመለስ። በቀን 6 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት በ30 ቀን 180 ላይ ይቆማል። በ40 ቀን ከተነበበ 240 ይሆናል። ምንም ሳያጠፋ እርከን ዘለለ፣ ቫትም ጨመረ። ለዚህ ነው ቀን የያዘ ፎቶ ዋጋ ያለው።

5. ድሬ ላይ መብራት የሚበላው ማን ነው?

አዲስ አበባ ያለ ዘመዳችሁ "የሻወር ማሞቂያ ቀንሱ" ብሎ ይመክራችኋል። እኛ ጋ ቀትር ላይ ከጣራ ሮቶ የሚወርደው ውሃ ራሱ ያቃጥላል። የኛ ጣጣ ማቀዝቀዙ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 1 ኪሎ ዋት ገደማ የሚስብ ኤሲ በቀን 8 ሰዓት ሲሠራ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በወር 240። ሞተሩ አልፎ አልፎ ስለሚያርፍ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል፤ በግንቦት ድሬ ግን ብዙም አያርፍም። ብቻውን 200ን አሻገራችሁ። የ70 ዋት ቬንትሌተር ደግሞ በቀን 10 ሰዓት ሲዞር በወር 21 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። የኤሲው አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም። ኤሲ ያላችሁ ቤት፣ አንድ ክፍል ብቻ በር ዘግታችሁ አቀዝቅዙ፤ መኝታ ላይ 25 ወይም 26 ዲግሪ አድርጋችሁ ቬንትሌተር ጨምሩበት። 18 ላይ አድርጎ ብርድ ልብስ መልበስ የጌታ ነገር ነው።

ምጣድ ሁለተኛው ነው። 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። አንድ ሰዓት ተኩል ከጋገራችሁ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት አለፈ። በሳምንት ሁለቴ ከሆነ በወር 40 ይደርሳል። መጋገሩን አንዴ አብዝቶ መጨረስ የሚያተርፈው፣ ምጣዱን ከቀዝቃዛ የማሟቂያው ኪሳራ አንዴ ብቻ ስለሚሆን ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ማብሪያውን አጥፍታችሁ በቀረው ግለት ሞክሩት። እናቴ ይህን ያለ ምንም ሒሳብ ታውቀው ነበር።

ፍሪጅ በቀን ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል እንበል፤ በሙቀት ይጨምራል። ከግድግዳው አራቁት፣ ጀርባው ይተንፍስ። የበሩን ጎማ ለመፈተሽ የብር ኖት አስገብታችሁ ዝጉበትና ሳቡት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው ሞቷል፤ ቅዝቃዜውን ለኩሽናው እየሸጠው ነው።

የድሬ ውሃ ደግሞ ኖራው ያስቸግራል። የውሃ ማፍያችሁን ከፍታችሁ እዩት፣ ታቹ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ያ ቅርፊት ሙቀት ይከለክላል፣ ማፍያውንም ቶሎ ያቃጥለዋል። አቼቶ ወይም ሎሚ ከውሃ ጋር አፍልታችሁ አሳድሩት፣ ይለቃል። አምፖልን በአንድ ቃል ልለፈው፤ ክሩ የሚቀላው የድሮ አምፖል ካለ ዛሬውኑ በኤልኢዲ ቀይሩ።

6. ስውሩን በሊታ በሌሊት ያዙት

አንድ ጊዜ የኔ ቤት ፍጆታ ያለ ምክንያት 120 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጨመረ። አዲስ ዕቃ አልገዛሁም። እንግዳ አልመጣም። መስመር እየሰረቁኝ ነው ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ በክፉ ዓይን ማየት ጀመርኩ። አንድ ማታ ሁሉን አጠፋሁ። ፍሪጁን ነቀልኩ፣ ቬንትሌተሩን አቆምኩ፣ ቤተሰቡ በላብ እያጉረመረመ እኔ የስልክ ባትሪ ይዤ ቆጣሪው ፊት ቆምኩ።

ቆጣሪው ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ 1600 ወይም 1000 የሚል ይጻፋል፤ ያን ያህል ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ሞላ ማለት ነው። የኔው 1600 ነው። ዝም አለች። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ አራት። ልገባ ስል በድንገት ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ፤ በየሁለት ሰከንዱ። ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 27። በሰዓት 1620 መሆኑ ነው፤ አንድ ኪሎ ዋት የሚስብ ነገር እየሠራ ነበር። ጆሮዬን ስጥል ከጓሮ የውሃ ፓምፑ ያጓራል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጸጥ አለ። አምስት ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ተነሳ።

መጸዳጃ ቤት ገባሁ። የሽንት ቤቱ ታንከር ቀስ እያለ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይፈስሳል። ግፊቱ ሲወርድ ፓምፑ ራሱን ያስነሳል። በየ6 ደቂቃው አንድ ደቂቃ፣ በቀን 4 ሰዓት። የተበላሸው የታንከሩ ጎማ ከድሬው ታይዋን ገበያ በርካሽ የሚገኝ ነው። ከጎረቤቶቼ ጋር ያለ ቃል ታረቅኩ።

እናንተም ይህን ሙከራ በዓመት አንዴ አድርጉት። ሁሉ ተነቅሎ መብራቷ ከቀጠለች ዋናውን ብሬከር ደግሞ ዝቅ አድርጉ። ከቆመች በሊታው ከቤታችሁ ውስጥ ነው። ብሬከሩ ወርዶም ብልጭታው ከቀጠለ ከቆጣሪው በኋላ፣ ከብሬከሩ በፊት የተቀጠለ ሽቦ ሊኖር ይችላል፤ ራሳችሁ አትንኩት፣ አመልክቱ። የቆጣሪውን ማኅተምም ማንም "ላስተካክልልህ" ቢል አታስነኩ። ማኅተሙ ተቆርጦ ቢገኝ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

7. የጋራ ቆጣሪ ያለበት ግቢ

ሳቢያንም ሆነ ለገሀሬ ተከራይቶ የኖረ ይህን ያውቀዋል። አራት ቤት፣ አንድ ቆጣሪ። ድሮ የተከራየሁበት ግቢ ቢሉ ለአራት እኩል ይካፈል ነበር። አንደኛዋ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ እኔ አንድ አምፖልና አንድ ቬንትሌተር። አንድ ቀን ደፈር አልኩና አከራያችንን፦

"እትዬ፣ ቢሉን ላየው?"

"ምነው ልጄ፣ አላመንከኝም?"

"ኧረ አምናለሁ። ቆጣሪውን ነው የማላምነው።"

ሳቁና ሰጡኝ። ፍትሐዊው መንገድ ለየቤቱ ትንሽ መለኪያ ቆጣሪ ማስገባት ነው፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ይገኛል፣ ባለሙያ በግማሽ ቀን ይገጥመዋል። ከዚያ የየቤቱን ኪሎ ዋት ሰዓት ቅድም ባወጣነው አማካይ ዋጋ ታባዛላችሁ። የግቢ መብራትና ፓምፕ ቀሪው ላይ ይወድቃል፣ እሱን እኩል ተካፈሉ። የወሩ ሒሳብ ሰላሳ ደቂቃ አይወስድም፣ ጠቡን ግን ይገላግላል።

ግን ዋናው ኪሳራ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ቤት 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ቢጠቀም ለብቻው ከታችኞቹ እርከኖች አይወጣም። አራቱ ሲደመር 240 ነው። ድሆቹ ተደምረው ሀብታም ሆኑ። ስለዚህ አከራያችሁ ለየቤቱ የተለየ ቆጣሪ እንዲያመለክቱ ብታግባቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቤቱን ሰነድና መታወቂያ ይዘው መሄድ ያለባቸው እሳቸው ናቸው፤ ወረፋው ቢረዝምም ያዋጣል።

8. አከፋፈልና አቤቱታ

በቴሌብር ወይም በንግድ ባንክ በስልክ መክፈል ይቻላል። የውል ቁጥሩን ስታስገቡ የሚወጣው ስም የቆጣሪው ባለቤት መሆኑን ሳታዩ አዎ አትበሉ። የክፍያውን መልእክት አታጥፉ። ጥሬ ገንዘብ ለማንም እጅ በእጅ አትስጡ፣ መሰላል ተሸክሞ ቢመጣም። ቅድመ ክፍያ የምትሞሉ፣ ከምትልኩት ብር ላይ የአገልግሎት ክፍያ፣ ውዝፍም ካለ እሱ ቀድሞ ሊቆረጥ ይችላል፤ የመጀመሪያው ሙሌት ያነሰ ቢመስላችሁ ደረሰኙን አንብቡት። ለበዓል ዋዜማ አታቆዩት። ዶሮው እሳት ላይ እያለ ኔትወርክ ይጠፋል።

ቅሬታ ካላችሁ 905 ደውሉ። ስትደውሉ "ቢሉ በዛብኝ" አትበሉ፤ ይህን ሁሉም ሰው ነው የሚለው። እንዲህ በሉ፦ "የውል ቁጥሬ ይህ ነው፣ ቆጣሪው በዚህ ቀን 4178 ነበር፣ ቢሉ ላይ 4718 ተጽፏል፣ ፎቶ አለኝ።" የጥሪውን ወይም የቅሬታውን ቁጥር ጠይቃችሁ ጻፉ። ካልተፈታ በአቅራቢያችሁ ወዳለው አገልግሎት መስጫ ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ድሬ ላይ ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አድርጋችሁ የእናንተው ላይ አስፈርሙ። ቆጣሪው ራሱ ከተጠረጠረ እንዲፈተሽ በጽሑፍ ጠይቁ።

መብራት ሲጠፋም ከመደወል በፊት ብሬከሩን፣ ቀጥሎ የጎረቤትን መስኮት እዩ። እስኪመጣ ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን ንቀሉ፤ መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ሊዘል ይችላል። ከመጣ በኋላም አምስት ደቂቃ ታግሳችሁ ሰኩ። የተበጠሰ ሽቦ መሬት ላይ ካያችሁ አትጠጉት፣ ልጆችንም ከልክሉ፣ ደውሉ።

9. ቤት ስትለቁ

ዕቃ ጭናችሁ ባጃጁ በር ላይ እየጠበቀ ቢሆንም የመጨረሻ ፎቶ አንሱ። ስትገቡም እንደዚያው፣ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት። እኔ ከዚያ ግቢ ስወጣ እትዬ አብረውኝ ቆጣሪው ጋ ቆመው መነጽራቸውን አጠለቁና ቁጥሯን ራሳቸው አነበቡልኝ። ከዚያ ዘወር ብለው፦ "ቀዩዋን አልቆጠርኳትም" አሉኝ።